አርባ አንደኛው መስመር

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ ስወጣ ይከዳኛል ብለሽ ከጻፍሽ ወዲህ እማ ስትጸልይ የምትጀምረው ከአንቺ ጉልበት ነው፤ እኛ ሁላችን የምንነሳው ከጉልበትሽ ቀጥለን ነው። ባለቤትሽስ እንዴት ነው፣ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትልቋ በቁመት አለፈችኝ ያልሽው እሷ ረዝማ ነው ወይስ አንቺ አጥረሽ? እዚያ የምትንከባከቢያት፣ በየቀኑ ስምሽን እየረሳች አዲስ ስም የምታወጣልሽ አሮጊትስ ደህና ናት? አሁን ማን ብላ ትጠራሻለች? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እማ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ጠንካራ ናት። አሁንም ጠዋት ግቢውን እሷ ካልጠረገችው የነጋ አይመስላትም። ሚስቴ እንድታርፍ ብላ መጥረጊያውን ብትደብቅባት አልጋ ሥር ሌላ አላት። ልጄ ማንበብ ስለቻለች አሁን ዓለምን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብልናለች። እኔ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ቆሜ የማንቀላፋ፣ ብሩሽ ይዤ ደመና ሳይ ቀለሜ የሚደርቅብኝ። ወንድማችን ምላጩ ያወጣልኝ ስም እስከ ዛሬ ከሰፈሩ አፍ አልጠፋም። ደንበኛ ሱቄ መጥቶ እንቅልፌ አለ ወይ ሲል ሚስቴ መሬት ዋጪኝ ትላለች።

ምላጩን በደብዳቤ ሳነሳልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺም አንስተሽው አታውቂም። ሃያ ዓመት ስንጻጻፍ ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ፣ ስለ ጎረቤት ኩርፊያ ስንት ነገር ተባብለናል፤ ስለ ወንድማችንና ስለ ድልድዩ ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። የራሴን ምክንያት አውቀዋለሁ። ያንቺን ግን እስከ ትናንት ድረስ አላውቀውም ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚሁ ነው። ረጅም ነውና ሥራሽን ጨርሰሽ፣ እግርሽን ወንበር ላይ ሰቅለሽ አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድልድዩ ሃያ ዓመት ሞላው። ከማዶ፣ ድሮ የፈትል ፋብሪካው በር በነበረበት ሜዳ ላይ፣ ረጅም ነጭ ግንብ ተሠርቷል። ያን ዕለት የፋብሪካው ሠራተኞች ተሰልፈው ድልድዩን ሲሻገሩ ተኩስ ተከፍቶባቸው፣ ሰው ሲገፋፋ መደገፊያው ብረት ተገንጥሎ፣ በጥይትም በውኃም ያለቁት አርባ አንድ ሰዎች ስማቸው እዚያ ላይ ይጻፋል ተባለ። በከተማው ውስጥ በእጅ የሚጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ በማሽን ያትማል። ግንቡን ያሠራው ኮሚቴ ጸሐፊ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሥራውን ሰጠኝ። ጸሐፊውን አታውቂውም፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ የሚል፣ ደግ ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ቤተሰቡ ስለ ሟቹ የሰጠው ቃል ይጻፋል አለኝ። ለአንድ ሰው አንድ መስመር።

ሁለት ወር ሙሉ መወጣጫው ላይ ሆኜ ጻፍኩ። ጠዋት ስጀምር ከወንዙ የሚነሳው ጉም ድልድዩን ይሸፍነዋል፤ ከላይ ሆኜ ሳየው ከየትም ተነስቶ የትም የማይደርስ ይመስላል። ሰዎች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አንዱ ዳቦ ይዟል፣ አንዱ ብስክሌት ይገፋል፣ አንዷ ልጇን ታቅፋለች። ፊታቸው እስኪለይ ድረስ እያንዳንዳቸውን ምላጩ ይሆን እንዴ እላለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም እጄ ፊደሉን እየሠራ ዓይኔ እዚያ ይቀራል። አንዳንዴ አንድ ስም ጽፌ ስጨርስ መቼ እንደጀመርኩት አላስታውስም።

አንቺ የሄድሽው ነገሩ በሆነ በሦስተኛው ወር ስለሆነ የኋላውን በቅጡ አታውቂውም። የድሮዎቹ ባለሥልጣናት ገና ከማለዳው ስሙን «አደጋ» አሉት። የድልድዩ አደጋ። ብረቱ አርጅቶ ነበር፣ ሰው በዛበት፣ ተገነጠለ፤ በቃ። ጥይቱስ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ለእማ የተሰጣት የሞት ወረቀት፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ «የድልድይ አደጋ» ይላል፤ በጀርባው ጥይት ገብቶ ለወጣ ልጅ። ተሰብስቦ ማልቀስ ተከለከለ። ከአንድ ቤት ለቅሶ ሲሰማ ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ከክፋት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። አርባ አንድ ቤት በየጓዳው አለቀሰ። ሰው እንዲያ ለብቻው ሲያለቅስ ደግሞ የሚወቅሰው ስለሚያጣ ጣቱን ወደ ራሱ ያዞራል። ይህን የተረዳሁት አሁን፣ ጎልምሼ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ቃሉም አብሮ ተለወጠ። አደጋ ይባል የነበረው በአንድ ሳምንት ውስጥ «መሥዋዕትነት» ሆነ። ስምንት ዓመት ዝም ያለው ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ድልድዩ ያወራ ጀመር። እማን በመኪና ወስደው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ የጀግና እናት አሏት፣ ተነስተው አጨበጨቡላት። አልዋሽሽም፣ ደስ አለን። የታፈነ ለቅሶ በአደባባይ ሲለቀስ እንዴት እንደሚያሳርፍ ልነግርሽ አልችልም። እማ ያን ቀን ቤት ተመልሳ ሁለት ቀን ተኛች። አልታመመችም፤ ስምንት ዓመት የተሸከመችውን አስቀምጣ ነው የተኛችው። ስለዚህ ወደ ኋላ የምነግርሽን ስትሰሚ እነዚህ ሰዎች ምንም አላደረጉልንም ያልኩ እንዳይመስልሽ።

ችግሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በየዓመቱ የባህል ቡድኑ በአዳራሹ ውስጥ የድልድዩን ተውኔት ያሳያል። በተውኔቱ ላይ ዝናብ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እያንከባለለ ያዘንባል፣ ሰልፈኞቹ በዚያ ዝናብ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘምራሉ፤ ያምራል፣ ሁሌም አለቅሳለሁ። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ያን ቀን ዝናብ ነበር ማለት ጀመረ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ጭቃ እግሬን ይዞት ነው መሮጥ ያቃተኝ ይላል። ያን ሳምንት ለዘመድ ሠርግ ሌላ ከተማ የሰነበተው ጎማ ጠጋኝ እንኳ ጃንጥላዬን ድልድዩ ላይ ጥዬ ነው ያመለጥኩት ይልሻል። እየቀለደ እንዳይመስልሽ፤ እንባው እየመጣ ነው የሚነግርሽ። እኔስ ብትይ፣ እኔም አስታውሳለሁ። ዝናቡ ጣሪያችን ላይ ሲወርድ፣ ተኝቼ ስሰማው፣ የረጠበው አፈር ሽታ ሳይቀር አስታውሳለሁ። በአዳራሹ ያየሁት ይሁን፣ በሕልሜ ይሁን፣ በውኔ ይሁን መለየት አቅቶኝ ነው የኖርኩት።

ልጄ ደግሞ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የሣለችውን ሥዕል ይዛ መጣች። ድልድይ፣ ሰማያዊ የዝናብ ነጠብጣብ፣ ከሰው ሁሉ ፊት አንድ ረጅም ሰው ባንዲራ ይዞ። ይሄ አጎቴ ነው አለችኝ። አስተማሪዋ ናት የነገረቻት። ምላጩ ረጅም ነበር ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አዎ አልኳት። አንቺ ከት ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ወንድማችን ረጅም ደንበኛ ሲመጣበት ጎንበስ በልልኝ የሚል ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። አንድ ወር ያህል በየቀኑ ካየሁት በኋላ ወንድሜን ሳስብ የሚመጣልኝ ያ ረጅሙ ሰውዬ ሆነ። ያኔ ነው የፈራሁት።

የግንቡ መስመሮችም እንደ ዝናቡ ሆኑ። ቤተሰብ ቃሉን ለጸሐፊው ይነግራል፣ ኮሚቴው ያሳምረዋል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከአርባ አንዱ ብዙዎቹ በእርግጥ ተሰልፈው፣ መብታቸውን ሊጠይቁ የወጡ ናቸው፤ ለነሱ መስመሩ ልክ ነው፣ እጄም ሳያመነታ ጽፎታል። የጫማ ሰፊው ወንድም ግን፣ ያን ቀጭኑን ታስታውሺው እንደሆነ፣ ተውሶት የነበረውን መሰላል ሊመልስ ነበር የተሻገረው። መሰላሉ እንኳ ስንት ወር ወንዙ ዳር ተጋድሞ ነበር፣ ማን ደፍሮ ያንሳው። እኔ የጻፍኩት መስመር «ለሠራተኛው መብት ከፊት ተሰልፎ ተሠዋ» ይላል። ቀለሙ ሳይደርቅ ሄጄ ጫማ ሰፊውን ስለ መሰላሉ ጠየቅሁት። ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ፣ መልስ መልስ እያልኩ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ አለኝ። ከዚያ ሚስማሮቹን አፉ ውስጥ መልሶ ሥራውን ቀጠለ።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጉድ ልንገርሽና ትንሽ ሳቂ። ከግንቡ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል «በድልድዩ ላይ የተሠዉ ወገኖቻችን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ጉም ነበር፣ ዓይኔም እንደ ልማዱ ድልድዩ ላይ ነበር። ጨርሼ ወርጄ እጄን ስጠርግ ሚስቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ቀና ብላ አነበበችና፣ ለመሆኑ እነማንን ነው የሠዉት ብላ ጠየቀችኝ። ዞሬ ሳይ «በድልድዩ ላይ የሠዉ ወገኖቻችን» ይላል። «ተ»ን ዘልያታለሁ። አንዲት ፊደል ናት፤ ግን እሷ ስትጎድል ሟቹ ገዳይ ይሆናል። ግንቡ የተሠዉትን ትቶ የሠዏቸውን ሊያከብር ነው። ጸሐፊው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሳይመጣ ቶሎ በል ብሎ ራሱ መወጣጫውን ደግፎ ያዘልኝ።

ሌላው ሰው ስቆ ረሳው። እኔ ግን ያቺን ፊደል መልሼ ለመክተት ስጨነቅ የሚስቴ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ተሠዋ ስንል ራሱን ሰጠ ማለታችን ነው፤ የሠዋው አይታይም። አደጋ ስንልም ማንም አላደረገውም ማለት ነው። የድሮዎቹና የአሁኖቹ ዓይንና ናጫ ሆነው ሳለ፣ በሁለቱም ቃል ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው የለም። ያኔ ትእዛዝ ከሰጡት መሃል ዛሬም ደህና ወንበር ላይ የተቀመጡ አሉ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እኔ ፊደል ጻፊው በምን አውቃለሁ። ብቻ ሃያ ዓመት ሙሉ የተኩሱን ድምፅ ሁላችንም ስናስታውስ፣ ማን ተኮሰ የሚለው ጥያቄ ከአፋችን እንዴት እንደወደቀ ገረመኝ።

አርባውን ጨረስኩ፤ የቀረው የምላጩ ነው። ጸሐፊው ከስሙ ሥር ይህን ጻፍ ብሎ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። «ባንዲራ እንደያዘ ከሰልፉ ፊት ተሠዋ።» እታለም፣ ወንድማችን በሕይወቱ ከመቀስና ከምላጭ በቀር ምን ይዞ ያውቃል? ፖለቲካ ሲነሳ ጆሮህን እንዳልቆርጥህ ዝም በል እያለ ደንበኛ የሚያስፈራራ ሰው ነበር። ግንቡ ቅዳሜ ይመረቃል፤ እስከ ሐሙስ ካልተጻፈ መስመሩ ባዶ ይቀራል፣ ባዶ ከቀረ ደግሞ ቤተሰቡ የካደው ይመስላል አሉኝ። ቀላል ነበር፤ ወረቀቷን እያዩ መገልበጥ ነው። አልፈለግሁም ብልሽ ውሸት ነው። በጣም ፈለግሁ። ባንዲራ ይዞ ከሄደ በራሱ ፈቃድ ሄደ ማለት ነዋ። በኔ ፈንታ አልሄደም ማለት ነው።

ያን ሰሞን አንድ ሕልም ይመላለስብኝ ነበር። ምላጩ መወጣጫው ላይ ወንበር አስቀምጦ ጢሜን ይላጨኛል። ከሥራችን ጉሙ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ድልድዩም ከተማውም የለም። እየላጨኝ ምን እየጻፍክ ነው ይለኛል፤ እኔ በጀርባዬ ግንቡን እሸፍናለሁ። አትንቀሳቀስ፣ እቆርጥሃለሁ ይለኛል። ሳልነቃ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ሳቁ ነው። ጠዋት ተነስቼ ጉንጬን እዳስሳለሁ፤ የተላጨሁ ይመስለኛል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ያን ቀን ጠዋት እማ ልብስ ዘፍዝፋ ሳሙና አለቀባት። ማዶ ካለው ሱቅ መላክ የታናሽ ሥራ ነው፣ ተራው የኔ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ፣ ምንም ያልሆንኩ። ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምልሽ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደተኛ ሰው ረዘም አድርጌ መተንፈስ ጀመርኩ። ከዚያ ድምፆች ሰማሁ፤ ማን ምን እንዳለ አልለየሁም። በሩ ሲከፈት ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ፤ ምላጩ ይሄን እንቅልፌን አንድ ቀን ከነአልጋው ይድሩታል ብሎ እየሳቀ ወጣ። ቀጥሎ በእውነት እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በጩኸት ነው። ሃያ ዓመት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ተኝቼ ነበር ወይስ ነቅቼ? አንዳንድ ቀን የእማን ጥሪ የሰማሁት በሕልሜ ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ዝናቡ ነው ያላሰማኝ እላለሁ። ዝናቡ ለኔም እንዴት እንደጠቀመኝ አየሽልኝ?

ዝናቡን ያቆመችው እማ ናት። ትናንት ጸሐፊው ቤት መጥቶ ስለ መስመሩ ሲጠይቃት፣ እናንተ ያላችሁት ይሁን ልጄ ብላ ሸኘችው። እሱ እንደሄደ ምርር ብሎኝ፣ እማ፣ ለመሆኑ ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይ አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። ዝናብ ቢኖር ምን ሆኜ ልብስ እዘፈዝፋለሁ አለችኝ። ያ ሁሉ ተውኔት፣ ያ ሁሉ ጃንጥላ፣ የጎማ ጠጋኙ እንባ ሳይቀር፣ በአንድ መዘፍዘፊያ ፊት ቀረ። ፀሐይ ነበር፣ እታለም። ደረቅ፣ ልብስ የሚያደርቅ ፀሐይ።

ያኔ አፌ ተፈታ። ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር፣ አልተኛሁም ነበር አልኳት። እማ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች። አውቃለሁ አለችኝ። ስትተኛ እኮ አፍህን ትከፍታለህ፣ ያን ቀን ገጥመኸው ነበር አለችኝ። ታዲያ ሃያ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ ስላት፣ ሳሙና የፈለግሁት እኔ፣ ሂዱ ያልኩት እኔ፣ ማንን ልወቅስ አለችኝ። ለካ ባንዲራውን እሺ ያለችው አምናበት አይደለም። በየቀኑ በግንቡ በኩል ሳልፍ ሳሙና የሚል ቃል እንዳላይ ብላ ነው። አንዱን ቀበርኩ፣ አንተን ደግሞ በቁምህ እንዳልቀብርህ ፈራሁ አለችኝ። እማ ፊት እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ልትቀሰቅሰኝ ወደ አልጋዬ ስትመጣ ከፊቷ የቆምሽው አንቺ ነበርሽ። ተዪው ይተኛ፣ ሲያስለው ነው ያደረው ብለሽ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብሽልኝ። ከዚያ ወደ ምላጩ ዞረሽ፣ ምን ትጎለታለህ፣ አንተ ሂድ አልሽው። ያን እጅ እኔም አስታውሰዋለሁ፤ የሕልም እጅ ነበር የሚመስለኝ። ያንቺ ነው ለካ። እማ ይህን ስትነግረኝ ሦስት ወር ሳይሞላ ሻንጣሽን አንስተሽ መሄድሽ፣ በስልክ ስሙ ሲነሳ መስመሩ ተበላሸ ማለትሽ፣ ልጅሽን በስሙ ጥሪው ስንልሽ ዓመት ማኩረፍሽ ሁሉ ገባኝ። እኔ ደግሞ ሩቅ አገር ገብታ ረሳችን እል ነበር፤ ይቅር በዪኝ። አንዲት ክፍል ውስጥ የነበርን ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳችን ከሌላው ተደብቀን፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ስንል ሃያ ዓመት ኖርን። አንድ ጥይት የተኮሰ ግን ከኛ ቤት አልነበረም።

ዛሬ ማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ ወጣሁና መስመሩን ጻፍኩ። «ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ በጥይት ተገደለ።» ተገደለ አራት ፊደል ናት፤ መሥዋዕትነት ሰባት ነው። ያቺን አራት ፊደል ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ የ«ደ» እግሯ ትንሽ ጠመም ብላለች። አላስተካከልኳትም። ጸሐፊው መጥቶ ቆሞ አነበበ። ይሄ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፣ ሊቀመንበሩም አይቀበለው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። መስመሩን መልሶ አነበበና፣ ሳሙናውን ገዝቶት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ወንድሜ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ገዝቶ ሲመለስ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ነበር አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ እስከ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ወደዚህ እንዳይመጣ ሰበብ አላጣም ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት በፊት ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንደታጠቀ መጣ። በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያ የወንድሙን መስመር እያሳየ፣ እዚህ ላይ መሰላል የሚል ቃል ይገባል ወይ አለኝ። ይገባል አልኩት። ነገ እጽፍለታለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። በነጭ ቀለም ሊያጠፉት ይችላሉ፣ ከእንግዲህ ሥራም ሊከለክሉኝ ይችላሉ። ሚስቴ ፈርታለች፣ እኔም ፈርቻለሁ። ቢሆንም በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ በጥቁር ላይ የተቀባ ነጭ አንድ ሁለት ክረምት ያህል ይሸፍናል፣ ከዚያ የታችኛው ፊደል መልሶ ይታያል።

ሰላምታችንን ተቀበዪን። ለባለቤትሽ፣ አንድ ቀን ተገናኝተን ጢሜን እያየ እንደሚስቅብኝ ተስፋ አደርጋለሁ በዪልኝ። ለትልቋ፣ ቁመቷን ለኛም ትንሽ ትላክልን። ለትንሹ፣ ያጎቱን ልጅ ሥዕል እልክለታለሁ፤ ይሄኛው ላይ አጭር ሰው ነው የሣለችው። ለአሮጊቷም ዛሬ ባወጣችልሽ ስም ሰላም በያት። ሚስቴ ጉልበትሽን በሞቀ ውኃ እሺው ትላለች። ልጄ ትስምሻለች። ጫማ ሰፊው፣ እህትህ ያንን ጫማዋን ሳትወስድ ነው የሄደችው፣ ተጠግኖ ተቀምጧል በላት ብሎኛል።

እማ ደግሞ እኔ የምላትን እንዳለ ጻፍ፣ አንዲት ቃል እንዳታሳምርብኝ ብላ አጠገቤ ቆማለች። እንዲህ ትልሻለች፦ ልጄ፣ ሳሙና አምጡ ብዬ የላክሁ እኔ ነኝ። የገደሉት እነሱ ናቸው። አንቺ ወንድምሽን ብርድ ልብስ ነው ያለበስሽው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማ ቤት፣ ከበረንዳው ላይ
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን